ጠሪው ቋጥኝ

ባሌ ከሞት የተረፈው ሽንቱን ሊሸና ሄዶ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። እኔና እሱ ይህን እያወቅን አፋችንን ዘግተን ከዘጠኝ ወር በላይ ተቀመጥን፤ በዝምታችን አንድ ሰው በዲጂኖና በድንጋይ ተቀጥቅጦ ሞተ። ላወራ የተነሳሁት ስለዚያ ሰው ነው። ግን ከገደሉ ካልጀመርኩ ነገሩ ውል አይይዝም።

የምንሠራው ድንጋይ ካባ ነበር። ወንዶቹ ከገደሉ ሥር ቆመው በመሰርሰሪያ አለቱን ይበሳሉ፤ ፈንጂ ባለሙያው ቀዳዳውን ድማሚት አጉርሶ ያፈነዳል፤ የተናደው በመኪና ተጭኖ ወደ መፍጫው ይመጣል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ተፈጭቶ የወጣውን ጠጠር በትልልቅ ወንፊት እየነፋን ደቃቁን ከሻካራው እንለያለን። ከወንፊታችን እስከ ገደሉ መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ባሌን ከዚያ ሁሉ አቧራ መሃል በትከሻው እለየዋለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ መሰርሰሪያ ሲገፋ ቀኝ ትከሻው ወርዶ ቀርቷል። ስንጣላ "ጎባጣ" እለዋለሁ፤ ስንታረቅም ያው ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሰባት ሆነው ገደሉ ሥር ገቡ። ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ መሰርሰሪያውን በአየር በሚያንቀሳቅሰው በኮምፕሬሰሩ ጩኸት ውስጥ፣ ትልቅ ሸራ ሲቀደድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ገደሉ ቆሞ ነበር። ወዲያው መሃሉ፣ ሆዱን እንደተመታ ሰው፣ እጥፍ አለና መጣ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ። አቧራው ዋጠን። ኮምፕሬሰሩ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ማጓራቱን ቀጠለ።

ሮጥን። መጀመሪያ ያገኘሁት እጅ ነው፤ ከፍርስራሹ ወጥቶ ይታያል፤ ይዤ ብስበው መጣልኝ። ሌላው አካል አብሮት አልነበረም። ኮምፕሬሰሩን የሚያንቀሳቅሰው ሽማግሌ አንዱን እስከ ወገቡ አውጥቶ "አይዞህ፣ አይዞህ" ይለዋል፤ ከወገቡ በታች መኪና የሚያክል ድንጋይ ተኝቶበታል። ሰውየው "ውሃ" አለ፤ ውሃው ሲመጣ ጣሳው ውስጥ ደም አስመለሰበትና ሞተ። እኔ በጥፍሬ እቆፍራለሁ። የማገኘው ሬሳ የባሌ እንዳይሆን፣ የሌላ ሴት ባል እንዲሆን እየለመንኩ ነው የቆፈርኩት። ማንን እንደምለምን አላውቅም፤ ብቻ እለምናለሁ። ይህን የምናገረው በሌላው ላይ ለመፍረድ አፍ እንደሌለኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

በዚህ መሃል ከገደሉ ራቅ ብሎ ከቆመው ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። አንዷ ሴት "ሙት!" ብላ ጮሃ ወደቀች። ባሌ ነው። ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ሄጄ በጥፊ አጮልኩት፤ ከዚያ አቀፍኩት።

"የት ነበርክ?"

"ሽንቴን…" አለ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ጓደኞቹ የነበሩበትን ቦታ ሲያይ ንግግሩ ተቆረጠ። ተንበርክኮ አስመለሰ።

ስድስት ሰው ሞተ። ከስድስቱ አንዱ የፈንጂ ባለሙያው ታናሽ ወንድም ነው። ሌላው የእማማ አንድያ ልጅ። እማማ የምንላቸው በካባው በር ላይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይና ዳቦ የሚሸጡት ሴት ናቸው፤ ከመቶ ሠራተኛ ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን እንደሚያሳንስ በቃላቸው ያውቃሉ። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ዳቦ የሰረቃቸውን ውሻ እንኳ "ምነው ልጄ?" ነው የሚሉት።

በአራተኛው ቀን ቤታችን መጡ። በርጩማ ሳቀርብላቸው አልተቀመጡም። ባሌ ፊት ቆመው፣

"ልጄ ካንተ በስንት ክንድ ርቆ ነበር?" አሉት።

"በሁለት ክንድ እማማ።"

"ሥራችሁ አንድ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ታዲያ አንተ ምን አድርገህ ተረፍክ? እሱስ ምን አድርጎ ሞተ?"

ባሌ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸውን አየ። እኔም አየሁት። አራት ቀን ያልተኛ፣ አንድ እንባ ያልወጣው ፊት ነው፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ያንን ፊት እያየ "ልጅዎ የሞተው ሽንቱ ስላልመጣ ነው" የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይፍረድብን።

"ጠሩኝ" አለ ባሌ።

"ማን?"

"እንጃ እማማ። ከቋጥኙ ጀርባ በስሜ ጠሩኝ። ማነው ብዬ ሄድኩ። ያን ጊዜ ወረደ።"

እማማ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። "ልጄንስ?"

"እሱንም ጠርተውታል" አለ። "ሲጠራ ሰምቻለሁ። እሱን ግን ወደ ላይ ነው የጠሩት።"

እማማ ጉልበቱ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ሲወጡ አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር። በሩን ዘግቼ "ምንድነው ያደረግከው?" ብዬ ስጠይቀው፣ "እና ምን ልበላቸው?" አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላው ወሬው ካባውን አዳረሰ። ሥራ በተጀመረበት ጠዋት የኮምፕሬሰሩ ሽማግሌ ወደ ገደሉ ከመግባቱ በፊት መዳፉን ቋጥኙ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆመ። ማንም አላዘዘውም። ከኋላው ያለውም አሳረፈ። ከእሱ ኋላ ያለውም። በወሩ ቋጥኙ "ጠሪው" የሚል ስም ወጣለት፤ በሁለት ወሩ ሕግ ወጣለት። ጠሪው አጠገብ አይጮህም፤ ጀርባ አይሰጠውም። ካባው ውስጥ አይፏጭም፤ ፉጨት ጥሪውን ይሸፍናል። ቋጥኙ ዘንድ መሽናት ደግሞ ነውር መሆኑ ቀርቶ ኃጢአት ሆነ። ባሌ ይህን የሰማ ዕለት ሳቀ። ሳቁ ወደ ለቅሶ እስኪዞር ሳቀ፤ አፉን በትራስ አፈንኩት።

አትፍረዱብን። ገደሉ ሥር መግባት ግዴታ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቅ አፍ አለ። ገደሉ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም። ሰው እንዲህ ባለ ቦታ እርቃኑን መቆም አይችልም፤ ጨርቅ ቢያጣ ቅጠል፣ ቅጠል ቢያጣ መዳፉን ይለብሳል። እኔ እውነቱን የማውቀው ሴትዮ እንኳ በዚያ ሳልፍ እጄ ራሱን ችሎ ይዘረጋል። አንዳንዴ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ እተወዋለሁ።

ስምንት ወር ሙሉ ሰው አልሞተም። ድሮም ስምንት ወር ሰው ሳይሞት ያለፈበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ግን የሚቆጥር አልነበረም። ከአደጋው በኋላ "ሄልሜት ይሰጠን፣ ገደሉ ከላይ ጀምሮ ይቆረጥ" ብለን ያስገባነው ማመልከቻ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የሚያነሳው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን መጥቶ ሰዉ በቋጥኙ ፊት ተሰልፎ አየና ለሠራተኛ አለቃችን ለካቦው "ተዋቸው" አለው። ምን አጥቶ! ሄልሜት ዋጋ አለው፣ መዳፍ በነፃ ነው።

የመጀመሪያውን ደም ያፈሰስነው በዘጠነኛው ወር ላይ ነው። አዲስ የመጣ ሾፌር ገልባጭ መኪናውን እያዞረ አፏጨ። ዜማ ነገር ነበር፤ ሰውየው ደስ ብሎታል። ከጋቢናው በመስኮት ጎትተው አወጡት። የኮምፕሬሰሩ ሽማግሌ፣ እንሽላሊት ሲያይ "ደህና አደርሽ" የሚል ሰው፣ እግሮቹን ያዘ። አንዱ በመዶሻ እጀታ አፉን መታው፤ ደገመው፤ ሠለሰው። ሾፌሩ ለምን እንደሚመታ አያውቅም፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል፤ ቃሉ በደም እየተጉመጠመጠ ይወጣል። ሲጨርሱ ተሰልፈው ሄደው መዳፋቸውን ጠሪው ላይ አሳረፉ። ቋጥኙ ላይ ቀይ የጣት ምልክት ቀረ። ባሌ አቧራው ላይ የወደቁትን ሦስት ጥርሶች ለቅሞ በመሐረብ ጠቀለለና ሾፌሩን ወደ ሕክምና በወሰደው መኪና ኋላ ሮጠ፤ አልደረሰበትም። ጥርሶቹን ቤት ይዟቸው መጣ፤ የት እንደሚያስቀምጣቸው ግራ ገብቶት እስኪመሽ በእጁ ያዛቸው።

ቋጥኙን የማይነካ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፈንጂ ባለሙያው። ባሩድ እንለዋለን። ጎልማሳ ነው፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል፤ ምላሱ ግን ምንም አልጎደለበትም፤ ከካቦ ጋር ሳይጨቃጨቅ የዋለበት ቀን የለም። ወንድሙ የሞተበት ስለሆነ እስከዚያ ሰዉ ታግሶት ነበር። ሾፌሩ በተመታበት ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ቤታችን መጣ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

"የገደሉ ግራ ጎን ተሰንጥቋል" አለ ባሌን። "በፊት ጣቴ ይገባበት ነበር። ትናንት ክንዴን እስከዚህ አስገባሁት።" ክርኑን አሳየን።

"ለካቦው ነገርከው?"

"ነገርኩት። 'ጠሪው አለ' አለኝ። እየሳቀ። እሱ እንደ ሌላው አያምንም፤ ይመቸዋል እንጂ።" ወደ ባሌ ጠጋ አለ። "ያን ዕለት ማንም አልጠራህም አይደል?"

ባሌ ወለሉን አየ።

"አትፍራ፣ አልወቅስህም" አለ ባሩድ። "በአምስት አገር ካባ ሠርቻለሁ። አንዱ ጋ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። አንዱ ጋ የሟች ጫማ በር ላይ ይሰቅላሉ። አንዱ ጋ ደግሞ ዋሻ ሲገቡ ለአንዲት አሮጌ ፋኖስ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ለምን ብትላቸው የሚያውቅ የለም። ቋንቋቸው ሌላ፣ መልካቸው ሌላ፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ነው። እኔ ራሴ የድማሚቱን ክር ከመለኮሴ በፊት ሦስት ጊዜ እተነፍሳለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ እጄ አይታዘዘኝም። ሰው መሆን ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?"

"ታዲያ ተዋቸው" አልኩት እኔ።

ወደ እኔ ዞረ። "እቱ፣ የጠሪውን ነገር ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። ወንድሜን የገደለው እኔ በዋዜማው ቀብሬ ያፈነዳሁት፣ ገደሉን ያናጋው ድማሚት ነው። ካቦው 'ጨምርበት' አለኝ፤ እንደሚበዛ እያወቅኩ ጨመርኩ። 'ወንድሜ ተጠርቶ ሄደ' ብል እንቅልፍ ይወስደኛል። ከተኛሁ ግን ሌላ ሰው እገድላለሁ።" ተነሳ። "ንገራቸው። ካንተ ሌላ የሚሰሙት ሰው የለም። ጠሪው ካለ ቀና ብለው ገደሉን አያዩም።"

"እማማንስ?" አለ ባሌ።

"አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።"

"ጊዜ ስጠኝ ወንድሜ።"

"ጊዜ የሚሰጥህ እኔ አይደለሁም" አለና ወጣ።

ባሌ አልነገራቸውም። በየጠዋቱ "ዛሬ" ይላል፤ እማማ ሻዩን በሁለት እጃቸው ሲሰጡት "ነገ" ይሆናል። እኔም አልገፋሁትም። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ በሰፈሩ "የተጠራው ሚስት" ተብዬ መከበር ጀምሬ ነበር፤ ውሃ ወረፋ ላይ ያስቀድሙኛል።

ባሩድ በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ከግራው ጎን አንድ ድንጋይ ተላቀቀ። ድንጋይ ስል የቤት በር የሚያክል ነው። የኮምፕሬሰሩ ሽማግሌ ቱቦ ሊያስተካክል ጎንበስ ብሎ ነበር። ስንደርስ ደረቱ ከመሬት ጋር እኩል ሆኗል፤ ፊቱ ምንም አልሆነም፤ የገረመው ሰው ይመስላል።

ሰዉ ቆሞ አየው። ከዚያ አንዱ በዝግታ፣ "ጠሪውን መጀመሪያ የዳሰሰው እሱ ነው" አለ። የሁሉም ፊት ላይ የተጻፈው ያው ጥያቄ ነው፤ ታዲያ ለምን እሱ? ጥያቄው ሁለት መልስ ነበረው። አንደኛው፣ ቋጥኙ ድንጋይ ነው የሚል ነው። ይህን መልስ ማንም አላነሳም። ሌላው፣ አንድ ሰው አርክሶታል የሚል ነው። ወደ ቋጥኙ ሮጡ።

ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ አገኙ፤ ዱቄቱ ገና ትኩስ ነው።

"ማነው?" የሚል ጩኸት ካባውን ሞላው።

"እኔ ነኝ" አለ ባሩድ።

ከፈንጂ መጋዘኑ እየመጣ ነበር፤ ሸሚዙ የመሰርሰሪያ አቧራ ለብሷል። ሊሸሽ ይችል ነበር። ቀጥ ብሎ መሃላችን ገባ። "በጠዋት የበሳሁት እኔ ነኝ። ላፈነዳው ነበር፤ ዘገየሁ። እሱ ከተነሳ ቀና ትላላችሁ ብዬ ነው። ኧረ ቀና በሉ! ያንን ስንጥቅ እዩት! ሽማግሌውን የገደለው እሱ ነው፣ ነገ እናንተን—"

እማማ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሊያበርዱት፣ ሊለምኑለት መስሎኝ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ፊቱ ላይ የፈላውን ሻይ ገለበጡበት።

የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ሲያጎነብስ የመጀመሪያው ድንጋይ ጀርባውን መታው። ከዚያ ቆጠራ የለም። ዲጂኖ ጉልበቱን ሲመታው እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ወደቀ። ሴቶቹ ጠጠር በእፍኝ እየዘገኑ ይወረውሩ ነበር፤ አብረውኝ ወንፊት የሚይዙት፣ ልጆቻቸውን በእጄ ያቀፍኩላቸው ሴቶች።

ባሌ በክርኑ እየጣሰ ገባ። "ተዉት! ማንም አልጠራኝም!" ይላል። ማን ይስማው። ባሩድ ላይ ተደፋና ቀና ብሎ፣ የደም ሥሩ እስኪገተር ጮኸ፣ "ማንም አልጠራኝም! ሽንቴን ልሸና ነው የሄድኩት! ሽንት ነው ያዳነኝ፣ ሽንት!"

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ካባው ጸጥ አለ። ዲጂኖ የያዘው ሰው ዲጂኖውን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ያቺን ትንፋሽ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ ነገሩ ወደ ሁለቱም ወገን ሊወድቅ ይችል ነበር።

"ዝም በል" አሉ እማማ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። "ዝም በል ልጄ።"

አካፋ የያዘው ከጎን ዞሮ በአካፋው ጠርዝ መንጋጋውን መታው። የባሌ አገጭ ወደ አንድ ጎን ሄዶ እዚያው ሲቀር አየሁ። እላዩ ላይ ተወረወርኩ። ጫማ ጎኔን ሲያገኘው ሁለት ጊዜ ቋ፣ ቋ አለ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። በእግሮች መሃል ባሩድን አየሁት። ሁለት ጣት የጎደለው እጁ መሬቱን እየጫረ ነበር። አንድ ሰው ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ ለቀቀው። እጁ መጫሩን አቆመ።

ከዚያ ሁሉም ቆሙ። የሚተነፍሱት እንደ በሬ ነው። አንዷ ሴት እጇን አይታ ትጮህ ጀመር። የገደሉ ግራ ጎን ከራሳችን በላይ እንደተሰነጠቀ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አልወደቀም። ቢወድቅ ሁላችንንም ጠራርጎ ይወስደን ነበር፤ ግን አልወደቀም።

ፖሊስ ዘጠኝ ሰው ወሰደ። ካባው ለሁለት ወር ተዘጋ፤ መሐንዲሶች መጥተው ገደሉን ከላይ እየቆረጡ አወረዱት፤ ባሩድ ሲጮህበት የኖረውን ማለት ነው። የባሌን መንጋጋ በሽቦ አሰሩለት። ስድስት ሳምንት በቀሰም ጠጣ። ሽቦው ከተፈታም በኋላ ንግግሩ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የማያውቀው ሰው የሰከረ ይመስለዋል። ቃሉን ለመርማሪው በጽሑፍ ሰጠ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ የሸናበትን ጭምር። መርማሪው አንብቦ "ይሄ ይቅር?" ብሎ ጠየቀው። ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ አይቀርም።

እማማን ፖሊስ ጣቢያ አገኘኋቸው። ለቃል ስጠራ እሳቸውን ከክፍሉ አውጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ጎኔ በፋሻ ስለታሰረ በደንብ መተንፈስ አልችልም።

"ባልሽ ይበላል?" አሉኝ።

"ይጠጣል።"

"ወተቱን ለብ አድርጊለት።"

አላስቻለኝም። "እማማ፣ ያን ቀን የነገረዎትን በእውነት አምነውት ነበር?"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "አመኑት አትበይኝ፤ አላመኑትም አትበይኝ። 'ተጠርቶ ሄደ' ባልኩ ቁጥር ጠዋት ተነስቼ እሳት ማያያዝ ቻልኩ። እሱን ካላልኩ እግሬ ከአልጋ አይወርድም። ያ ሰውዬ ድንጋይ የበሳ መሰለሽ? ልጄን ሁለተኛ ሊገድልብኝ ነው የመጣው።"

"እሱም ሰው ነበር እማማ። ሚስት አለው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው።" ጠባቂው መጥቶ ወሰዳቸው።

ወደ ባሩድ ሚስት ቤት ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ያላለቀ የሰው ኮት በወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መኪናውን አቆመች።

"የተጠራው ሚስት" አለች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ባሌ እውነቱን ቢናገር ኖሮ—"

መለኪያ እንጨቷን አንስታ ግንባሬን መታችኝ። ደገመችው። ቅንድቤ ተተረተረና ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው፤ እንጨቱ ተሰበረ። ስባሪውን ይዛ ቆመች፤ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም።

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለችኝ። "አጠገቡ ነበርሽ። ምን አለ?"

ስምሽን ጠራ ማለት እችል ነበር። ማን ያስተባብለኛል? ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ማር ማር ይላል። ብላት ኖሮ ምናልባት ሰውነቷ ይረግብላት ነበር፤ ምናልባት እሷም ጉልበቴ ላይ ትደፋ ነበር። ጨካኝ አትበሉኝ፤ አልቻልኩም።

"ምንም አላለም" አልኳት። "መናገር የሚችል አልነበረም። መሬቱን በእጁ ጫረ፤ ከዚያ አቆመ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"እሱ?" አለች። "በእንቅልፉ እንኳ ከካቦ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰውዬ? እሱ ዝም ብሎ?" ሳቅ አመለጣት። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ኮቱን ከወንበሩ ስባ ፊቷን ቀበረችበት። ልነካት እጄን ዘረጋሁ።

"ውጪ" አለች ከኮቱ ውስጥ። "ተመልሰሽም እንዳትመጪ።"

ወጣሁ። ከቤቷ ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግን ሰው አለ። ደም በደም ሆኜ ስመጣ አየኝና ጎማውን ጥሎ ተነሳ፤ ከትከሻው ጨርቅ አውርዶ ሰጠኝ። ጨርቁ ግሪስ ግሪስ ይሸታል።

"ምን ሆነሽ ነው እህቴ?"

"ወድቄ—" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ጨርቁን ቅንድቤ ላይ ጫንኩና፣ "ሰው መታኝ" አልኩት። "ያቺ ልብስ ሰፊ። አጥፍቼ ነው የመታችኝ።"

ሰውየው ወደ በሯ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

"ተቀመጪ" አለኝ በመጨረሻ፤ አንድ አሮጌ ጎማ ገፋ አድርጎልኝ። "ደሙ እስኪቆም ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።